ጨፋሪ የሌለበት ጭፈራ

አየርላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ማይክል ኮልማን መግቢያ የሚባል ነገር አያውቅም። ሸክላው ትንሽ ይንጫጫል፣ ወዲያው ደጋኑ ክሩ ላይ ያርፋል፣ ዜማውም ገና ከመነሻው በሙሉ ጉልበቱ ነው። ከኋላው ፒያኖ አለ። ፒያኒስቱ ዜማውን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ይመስል አንዳንዴ ያልሆነ ቦታ ይመታል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ቀርቶ እየሮጠ ይደርሳል። ቫዮሊኑ ግን ዞሮ አያየውም። ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ይሄድና በቃኝ ሳይል፣ ሳያዘግም፣ ቀጥ ይላል።

ይህን ቀረጻ የሰማሁት ለንደን ውስጥ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በገዛሁት ሲዲ ላይ ነው። የአየርላንድ ሙዚቃ ሲባል እስከዚያ ድረስ የማውቀው በመጋቢት ወር የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሰሞን ከየመጠጥ ቤቱ በር የሚፈሰውን ጫጫታ ነበር። እሱን አሁንም አልወደውም። ኮልማን ግን ትከሻዬን ያዘው። ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ትከሻዬ ሳያስፈቅደኝ ሥራ ጀመረ። እስክስታ ወረድኩ አልልም፤ የመለሰለት ግን እስክስታ ሲያይ ያደገ ሰውነት ነው። ፈጣን ስለሆነ ነው እንዳልል፣ ከእሱ የፈጠኑ ቫዮሊኖች ሰምቼ ምንም ሳይሉኝ አልፈዋል። ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈለግሁ። ደብሊን የሄድኩት፣ ከደብሊንም ወደ ኮልማን የትውልድ አውራጃ ወደ ስላይጎ የተሳፈርኩት ለዚህ ነው።

በደብሊን ሜሪየን አደባባይ ቁጥር 73 የሚገኘው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት በ1987 የተቋቋመ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ቤቱ እንደ ጎረቤቶቹ የጡብ ሕንፃ ነው፤ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ በሩም ቀለም የተቀባ። ውስጡ ግን ሸክላ፣ ካሴት፣ ኖታና ፎቶግራፍ ሞልቶበታል። ማንም መንገደኛ ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፤ የምን ዘመድ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚያ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ታሪኩ አየርላንድ ውስጥ አለመጀመሩን አየሁ።

የተጀመረው ኒውዮርክ ውስጥ በአንዲት ሴት ሱቅ ነው። ኤለን ኦበርን ደዊት የምትባል የአየርላንድ ስደተኛ በሦስተኛው ጎዳና ላይ የሙዚቃና የልዩ ልዩ ዕቃ ሱቅ ነበራት። ደንበኞቿ የአገራቸውን የጭፈራ ዜማ ሸክላ ይጠይቋታል፣ የለም። በ1916 ወደ ኮሎምቢያ ኩባንያ ሄዳ ቅረጹልኝ አለች። ኩባንያው 500 ቅጂ ራሷ ከገዛች እንደሚቀርጽ ነገራት፤ እሺ አለች። ልጇን ሙዚቀኛ ፈልግ ብላ ላከችው፣ እሱም አንድ አኮርዲዮን ተጫዋችና አንድ የባንጆ ተጫዋች ይዞ መጣ። ቅጂዎቹ አለቁ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስደተኛ ገንዘብ እንዳለውና ናፍቆቱን ለመግዛት እንደማይሰስት የገባቸው ያኔ ነው። እኛም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመን አገር ሄደው ሸክላ ማስቀረጻቸውን ስለምናውቅ፣ የአገር ዜማ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ሸክላ ላይ መውጣቱ አይደንቀን ይሆናል። የአየርላንዶቹ ልዩነት ብዛቱ ነው። ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ሸክላ እየቀረጸች ወደ አየርላንድ መንደሮች የምትልክ ከተማ ሆናለች።

ኮልማን ሸክላ ማስቀረጽ የጀመረው በ1921 ነው። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ 80 ያህል ቀረጻ ትቷል። በ1925 አካባቢ ማይክሮፎን እስኪመጣ ድረስ ቀረጻ የሚካሄደው በመለከት ነበር። ሙዚቀኛው አፉ ሰፊ ወደሆነ ትልቅ መለከት ተጠግቶ ይጫወታል፤ የድምፁ ግፊት በመለከቱ ጠባብ ጫፍ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣታል፣ ሽፋኗ መርፌዋን ትገፋለች፣ መርፌዋም የሚዞረውን ሰም ትቆፍራለች። ኤሌክትሪክ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። እዚያ ወንበር ላይ ይህን ሳስብ ማዳመጫውን አውልቄ ጥቂት ቆየሁ። ሸክላው ላይ ያለው ጉልበት እንዲሁ ስሜትን ለመግለጽ የምንጠቀምበት ቃል አይደለም ማለት ነው፤ ሰሙን የቆፈረው የዚያ ሰውዬ ክንድ ነው። ለስላሳ የተጫወተ ሰው ሰሙ ላይ አይታይም ነበር። ቫዮሊን ደግሞ ለመለከቱ ከሚያስቸግሩት መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ድምፁ ቀጭን ነው። ስለዚህ የሚጫወተው ሰው በዜማው ሳይሆን በክንዱ መተማመን ነበረበት።

ከዚያ ደግሞ ጊዜው አለ። የዚያ ዘመን ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሪል የሚባለው የጭፈራ ዜማ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ባር ነው፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገማል፣ በድምሩ 32 ባር። በጭፈራ ፍጥነት አንዱ ዙር 40 ሰከንድ አይሞላም። ጭፈራ ቤት ውስጥ ተጫዋቹ ያንኑ ዜማ ጨፋሪው እስኪደክመው ድረስ ያዞረዋል፤ አሥር ጊዜ ቢደግመው የሚቆጣው የለም፣ እንዲያውም ያ ነው የሚፈለገው። ሸክላው የሚፈቅደው ግን አምስት ዙር ያህል ነው። ኮልማን በእነዚያ አምስት ዙሮች ውስጥ ሌላው ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚበትነውን ያስገባል። አንዱን ዙር እንደ ሌላው አይጫወተውም። እዚህ ጣቱን ክሩ ላይ ነካ አድርጎ ድምፁን ይሰብረዋል፣ እዚያ አንዱን ድምፅ በአምስት ትንንሽ ድምፆች ይጠመጥመዋል፣ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ወደ ታች ይሄዳል ብለን የጠበቅነውን ወደ ላይ ይወስደዋል። ሁለተኛ ዜማ ሲያስከትል ቅኝቱ ይለወጣል፣ ያኔ ወለሉ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይመስላል።

በነገራችን ላይ፣ ወረቀት ይህን ሊይዘው አልቻለም። የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የነበረው ፍራንሲስ ኦኒል፣ ራሱም የአየርላንድ ስደተኛ፣ በ1903 1,850 ዜማ፣ በ1907 ደግሞ 1,001 የጭፈራ ዜማ በኖታ አሳትሟል። ሙዚቀኞቹ ሁለተኛውን መጽሐፍ እንደ ዳዊት ነው የሚይዙት። ነገር ግን ኖታው ጣት የት እንደሚያርፍ ይነግራል እንጂ ደጋኑ እንዴት እንደሚጎተት አይነግርም። የኮልማን ጉልበት ደግሞ ያለው እዚያው ደጋኑ ላይ ነው። በኖታው ላይ እኩል የሆኑትን ድምፆች እሱ አንዱን ረዘም፣ ቀጣዩን አጠር ያደርጋቸዋል፤ ሁለትና ሦስቱን በአንድ ጉተታ ያያይዝና ጉተታውን የሚቀይረው ምቱ ላይ ሳይሆን ከምቱ ቀድሞ ነው። ጆሮ ምቱን ሲጠብቅ ደጋኑ ቀድሞት ይገፋዋል። ጎበዝ አዝማሪ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ አይተን ከሆነ ነገሩ አይጠፋንም፤ ዜማው በግራ እጅ ነው፣ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ግን ቀኝ እጅ ነው።

በማግስቱ ከደብሊን ኮኖሊ ጣቢያ ወደ ምዕራብ ተሳፈርኩ። ባቡሩ ማይኑዝን ካለፈ በኋላ አረንጓዴው ሜዳ መጨረሻ የለውም። መሊንጋር ላይ ቆመ፤ በ1951 የባህል ሙዚቀኞቹ ማኅበር የተመሠረተባት ከተማ ናት፣ ከመስኮት ግን የሚታየው መኪና ማቆሚያ ነው። ሎንግፎርድን አለፍን፣ የሻነን ወንዝን ተሻገርን፣ ቦይልን አለፍን። ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ ጆሮዬ ላይ ሌላ ሸክላ አለ፤ ከኮልማን በኋላ የመጣው ትውልድ ሥራ፣ የቦቲ ባንድ የ1975 አልበም። አልበሙ የሚከፈተው በኬሽ ስም በተሰየመ ጂግ (ሌላ ዓይነት የጭፈራ ዜማ) ነው። ባሊሞት ጣቢያ ልንደርስ ስንል ቀና ብዬ ሳይ ኬሽ ራሷ ፊቴ ላይ ናት፤ በጎኗ ላይ የዋሻዎች አፍ ተደርድሮ የሚታይባት ኮረብታ። ዜማ ከስሙ ባለቤት ጋር እንዲህ በአንድ መስኮት ሲገጥምልኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ዙሪያዬን ብቃኝ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው።

ባሊሞት ከጣቢያዋ አጠገብ የፈረሰ ትልቅ ግንብ ያላት ጸጥተኛ ከተማ ናት። ፓዲ ኪሎራን የዚህ አካባቢ ሰው ነው። ጄምስ ሞሪሰን ከሪቨርስታውን አቅራቢያ ነው፣ ኮልማን ደግሞ ከኪላቪል፣ ወደ ጉርቲን በሚወስደው መንገድ። ሦስቱን የትውልድ ቦታዎች በመኪና ለመዞር አንድ ጧት ይበቃል። የአየርላንድ ቫዮሊን ምን መምሰል እንዳለበት ለግማሽ ምዕተ ዓመት የወሰኑት ሦስት ሰዎች ከዚህች ጠባብ መሬት ወጥተው ሦስቱም ኒውዮርክ ገብተዋል። ኮልማን የሄደው በ1914 ነው፣ ሞሪሰን በ1915፣ ኪሎራን ከአሥር ዓመት በኋላ። ለምን ከዚህ ብቻ? ሌላው አውራጃ ቫዮሊን አጥቶ አይደለም። እነዚህ ሰዎች በትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛው ከተማ ውስጥ ተገኙ፣ ከዚያም አንዱ ለሌላው በር ከፈተ። ችሎታቸውን አላሳንስም፤ ዕድሉን ግን ከችሎታው ጋር ደምሬ ነው የማየው።

ጉርቲን በእንግድነት የተቀበለችኝ በኮልማን ስም በተሠራ የሙዚቃ ማዕከል ነው። ለአንድ ቫዮሊን ተጫዋች የተሠራ ማዕከል እንደዚህች ባለች ትንሽ መንደር ውስጥ ማግኘት ይገርማል፤ አዳራሽ አለው፣ ሱቅ አለው፣ ልጆች የሚማሩበት ክፍል አለው። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ያደገበትን ቤት አምሳያ ጎጆ ሠርተዋል፤ መንገድ ዳርም የመታሰቢያ ድንጋይ አቁመዋል። ድንጋዩ በስደት መሞቱን አይሸሽግም። በ1945 ጥር ወር ኒውዮርክ ውስጥ ነው ያረፈው፣ መቃብሩም ብሮንክስ ነው። ስለ ልጅነቱ ሳነብ አንድ ነገር ቀልቤን ሰረቀው። አባቱ ዋሽንት ተጫዋች ነበር፣ ቤታቸውም የሙዚቃ ቤት ነበር፤ ኮልማን ራሱ ደግሞ በልጅነቱ ቫዮሊን ብቻ ሳይሆን የእግር ጭፈራም የሚችል ነበር። አሜሪካ ሲገባም መጀመሪያ እንጀራውን የበላው በቮድቪል መድረክ ላይ ነው።

ጥያቄዬ ግማሽ መልስ ያገኘው እዚህ ነው። ሪል የእግር ሙዚቃ ነው። ለብዙ ዘመን የሚጫወቱት በአብዛኛው ከፊት ለሚረግጥ ሰው ነበር፤ ምቱን ግማሹን የሚሠራው ጫማ ነው፣ ቫዮሊኑ ቀሪውን። ኒውዮርክ ስቱዲዮ ውስጥ ጫማ የለም። አንድ ሠራተኛ አለ፣ ሰም አለ፣ ሰዓት አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከፊቱ ጨፋሪ የተወሰደበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ የጎደለ ሙዚቃ መጫወት፣ ወይም ጨፋሪውን ደጋኑ ውስጥ ማስገባት። መጨፈር የሚያውቅ ቫዮሊን ተጫዋች ሁለተኛውን መረጠ። ትከሻዬን ያንቀሳቀሰው ያ ይመስለኛል። ሸክላው ላይ የማይታይ እግር አለ።

ማታ መንደሩ ውስጥ ሴሽን ነበር። ሴሽን ማለት ሙዚቀኞች መጠጥ ቤት ጥግ ላይ ጠረጴዛ ከበው፣ እርስ በርስ ፊት ለፊት ሆነው፣ ያለ መድረክና ያለ ማይክሮፎን የሚጫወቱበት ነው። ብዙ ሰው ከጥንት የነበረ ይመስለዋል፤ በመጠጥ ቤት ውስጥ መጫወት ግን የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በዋነኛነት በለንደን ስደተኞች ዘንድ ነው ይባላል። ቀድሞ ቦታው ወጥ ቤት ነበር። በ1935 የወጣው የጭፈራ አዳራሾች ሕግ ያለ ፈቃድ መጨፈርን ከለከለ፣ ካህናቱም በየቤቱ የሚደረገውን ጭፈራ ሲያወግዙ ቆይተዋል፤ በዚህ መሀል ከብዙ ቤት ጭፈራው ወጥቶ ግራሞፎኑ ብቻ ቀረ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቫዮሊናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው እረፍት ላይ ነበሩ። ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው።

“አጎቴ ነው” አሉኝ። “አጎቴን ያስተማረው ደግሞ ሸክላው።”

“ኮልማን?”

“ሌላ ማን አለ ልጄ? ግራሞፎኑ ፍጥነት መቀነሻ ነበረችው፣ እሷን ይነካትና ያዘገየዋል። ሲዘገይ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ቫዮሊኑን አብሮ ያወርደዋል። ዜማውን ከያዘ በኋላ ሁለቱንም መልሶ ያወጣቸዋል።”

“ታዲያ እርስዎ ዛሬ ለምን ቀስ ብለው ይጫወታሉ?”

ሳቁ። “እኔ ሸክላ እየሞላሁ አይደለም። ሌሊቱ የእኔ ነው። ደግሞስ ኮልማን ያን ያህል እንደፈጠነ ማን ነገረህ? የዚያን ጊዜ ማሽን ሁሉ እኩል ይዞር ነበር?”

አባባላቸው ልክ ነው። መቅጃዎቹ ማሽኖች በደቂቃ 78 ዙር ይባሉ እንጂ ከኩባንያ ኩባንያ፣ ከቀን ቀን ይለያዩ ነበር፤ ቀስ ብሎ የተቀረጸ ሸክላ በፈጠነ ማሽን ላይ ሲዞር ተጫዋቹም ይፈጥናል፣ ቅኝቱም ይወጣል። ኮልማንን ለማዳመጥ ትክክለኛው ፍጥነት የቱ ነው የሚለው ክርክር እስከዛሬ ድረስ አዋቂዎቹን ያጨቃጭቃል። እኔ ግን በዚያ ማታ የሽማግሌውን ደጋን እያየሁ ነገሩ አላሳሰበኝም። የሚጫወቱት ከሸክላው ቀስ ብለው ነው፣ ግፊያው ግን ያው ነው፤ ከምቱ ቀድማ የምትመጣ ያቺ ጉተታ አለች። ሁለተኛው ዜማ አልቆ ሦስተኛው ሲተካ ከባንኮኒው በኩል አንድ ሰው ጮኸ፣ የአንዱ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ዘለለ። ያስተዋልኩት ሌላም ነገር አለ፤ ሦስቱ ዜማዎች ኮልማን በ1934 በዴካ ሸክላ ላይ ያስቀረጻቸው ናቸው፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ዜማዎቹ ዘመድ አይደሉም፣ እሱ ለአንድ ገጽ እንዲሆኑት አጋጠማቸው እንጂ። ዛሬ ከቶኪዮ እስከ ቦስተን አንደኛውን የጀመረ ሰው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ አይቆምም።

እዚህ ላይ ክስ አለ፣ እውነትነትም አለው። ሸክላው ከኒውዮርክ ሲመጣ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱ አጨዋወት ነበረው። የስላይጎው ሸክላ ግን የአሜሪካ ማኅተም ያለበት፣ ደምቆ የተቀረጸ፣ በውድ ዋጋ የተገዛ ነው። የየመንደሩ ልጅ አያቱን ትቶ ሸክላውን ማዳመጥ ጀመረ፤ አንዳንድ ሽማግሌ ኮልማንን ከሰማ በኋላ ቫዮሊኑን ሰቀለ ይባላል። ከስደት የተላከ ነገር ቤት ከቀረው ይበልጥ እውነተኛ ተደርጎ መታየቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከዋሽንግተን የመጣ ካሴት በአዲስ አበባ ታክሲዎች ውስጥ የነበረውን ክብር የምናስታውስ እናውቀዋለን። ቢሆንም ሸክላውን እንደ ጥፋት የማያየው ሰው ብዙ ነው። ግራሞፎኑ ባይኖር ያ ትውልድ ቫዮሊኑን ለአኮርዲዮንና ለጃዝ አሳልፎ ይሰጥ ነበር የሚሉ አሉ፣ እኔም ወደ እነሱ አዘነብላለሁ።

ያልተሸነፈ አውራጃ ካለ ዶኒጎል ነው። በሰሜን ምዕራብ ጥግ ያለ፣ ወጣቱ ለወቅት ሥራ ስኮትላንድ ሲመላለስ የኖረበት አገር ነው፤ ደጋኑም የስኮትላንድን ጠባይ ይዟል። ስላይጎ የሚያያይዛቸውን ድምፆች ዶኒጎል እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ጉተታ ይለያቸዋል፣ ስለዚህ ድምፁ የሰላ ነው። ጆን ዶኸርቲ ቆርቆሮ እየሠራ ከመንደር መንደር ይዞር የነበረ ሰው ነው፤ በ1980 አረፈ። ብዙ ጊዜ ቫዮሊን ይዞ አይሄድም ነበር፣ የሚያድርበት ቤት ያለውን አውርዶ ይጫወታል። የእሱን ቀረጻ ስሰማ ከኮልማን ተቃራኒ የሆነ ጉልበት ነው የምሰማው፤ ኮልማን ይገፋል፣ ዶኸርቲ ይመታል።

ቶሚ ፒፕልስም የዶኒጎል ሰው ነው። የቦቲ ባንድ የ1975ቱ አልበም ላይ ቫዮሊኑን የሚጫወተው እሱ ነው፤ ያን አልበም ለማስተዋወቅ የሚያስፈልገኝ ቦታ ቢኖረኝ ሌላውን ሁሉ እተው ነበር። ስድስት ናቸው። ማት ሞሎይ በዋሽንት፣ ፓዲ ኪናን በክንድ በሚነፋው የአየርላንድ ባግፓይፕ፣ ፒፕልስ በቫዮሊን ዜማውን አንድ ላይ ይዘው ይሄዳሉ። ከሥር ደግሞ የሚሆል ኦ ዶናል ጊታር፣ የእህቱ የትሪኦና ክላቪኔት፣ የዶናል ለኒ ቡዙኪ። ቡዙኪ የግሪክ መሣሪያ ነው፤ አየርላንድ የገባው በ1960ዎቹ ነው፣ ለኒ ግን አገሩ እዚህ ነው እስኪባል ድረስ አላመደው። የኮልማን ፒያኒስት ያጣው ነገር እዚህ ተገኝቷል፤ አጃቢዎቹ ዜማውን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ስለዚህ መቼ ዝም እንደሚሉም ያውቃሉ። ለኒ ለአንድ ዙር ሙሉ እጁን ከክሩ ያነሳና በሁለተኛው ዜማ መግቢያ ላይ ሲመለስ፣ ጨፋሪ ሳይኖር፣ አዳራሽ ሳይኖር፣ ሰው ካለበት ይነሳል። ቶሎ የተበተነ ቡድን ነው፣ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም። ፒፕልስ ከመጀመሪያው አልበም በኋላ ሲለቅ የተካው ኬቨን በርክ ለንደን የተወለደ የስላይጎ ስደተኞች ልጅ ነው፤ የኮልማንን አጨዋወት ከወላጆቹ አገር ርቆ አሳድጎ ወደ አየርላንድ መለሰው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አልበም ላይ ቫዮሊኑ ስለሰላ ሳይሆን ስለተያያዘ ነው የሚገፋው። የቱ ይሻላል የሚል ሙግት በመጠጥ ቤት ውስጥ ብታስነሱ ሌሊቱን ትጨርሱታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ክሌር አውራጃን አለመጥቀስ ግፍ ነው። ማርቲን ሄይስ ከፊክል መንደር አጠገብ ነው የተወለደው፤ አባቱ ፒ ጆ ሄይስ በ1946 የተመሠረተውን የቱላ ጭፈራ ባንድ ለብዙ ዓመታት ይመራ የነበረ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፣ ልጁም ገና በልጅነቱ ከባንዱ ጋር ለጨፋሪ ሲጫወት አድጓል። ከጊታሪስቱ ከዴኒስ ካሂል ጋር ሲያትል ውስጥ ያቀረበው ኮንሰርት በ1999 በአልበም ወጥቷል። እዚያ ላይ ሳይቋረጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሄድ ተከታታይ አለ። መጀመሪያው ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ነው የሚያስብል ዝግታ ነው። ሄይስ አይቸኩልም፤ ዜማ በዜማ እየተካ፣ እያንዳንዱን ጥቂት እያፈጠነ ሲሄድ አዳራሹ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ መጨረሻው ላይ ማን እንደሚጫወትና ማን እንደሚያዳምጥ መለየት ያስቸግራል። የኮልማንን ሦስት ደቂቃና የሄይስን ግማሽ ሰዓት በአንድ ቀን ያዳመጠ ሰው ፍጥነትን ከጉልበት ጋር አያምታታም።

ሄይስ ቀስ ማለት የሚችለው ጨፋሪዎቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ፊት ለፊት ስላያቸው ይመስለኛል፤ በእርግጠኝነት አይደለም የምለው። ክሌር ውስጥ አራት ጥንድ ሆኖ በካሬ የሚጨፈረው ጭፈራ አልሞተም፣ ወንዶቹ አሁንም ተረከዛቸውን ወለሉ ላይ ይመታሉ፤ ባንዱም የሚጫወተው ለዚያ ተረከዝ ነው። ፊክል በየነሐሴው የሙዚቃ ፌስቲቫል አላት። ከስላይጎ ስመለስ ባቡር ውስጥ የፈለግሁት የዚያን መንገድ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ባቡር የለም፣ ከሊመሪክ ወይም ከኤኒስ በመኪና ነው። ጫማው ድምፅ የሚያወጣ ይሁን ብሎ አንድ የሚያውቅ ሰው መክሮኛል፣ የጎማ ሶል ያለው እዚያ ዋጋ የለውም አለኝ።